ሁለቱ የይለፍ ወረቀቶች፦ የካፒቴን ኪድ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ዊልያም ኪድ በ1696 የንጉሥ ፈቃድ ይዞ የባህር ወንበዴዎችን አሳድዶ ሊይዝ ከለንደን ወጣ። በ1701 እዚያው ለንደን ውስጥ ራሱ ወንበዴ ተብሎ ተሰቀለ። ስሙ ዛሬም የሚነሳው ቀብሮታል በሚባለው ወርቅ ነው። ወርቁ ግን ከጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። እኔን የያዘኝ ውሉ ነው። የውሉን አንቀጾች ከጉዞው ቀናት ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ ሰውየው ገና ከወደብ ሳይወጣ ችግሩ ተጀምሮ እንደነበር አየሁ። በሰው ገንዘብ፣ በሰው ስምና በሰው ፈቃድ ሥራ የሚጀምር ሁሉ ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ከኪድ በቀር ሌሎቹን ሰዎች በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ። ስማቸው በታሪክ መዝገብ ላይ አለ፤ ለጉዳዩ የሚያስፈልገን ግን የቆሙበት ቦታ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዳራ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት የባህር ኃይሉ ስለማይበቃው ለግል መርከቦች የመማረኪያ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ባለፈቃዱ ካፒቴን የጠላትን የንግድ መርከብ ይማርካል፤ ምርኮው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሕጋዊ ነው ሲባል ይሸጣል፤ ገንዘቡን መንግሥት፣ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች፣ ካፒቴኑና መርከበኞቹ ይካፈሉታል። መንግሥት ደመወዝ አይከፍልም። ባለፈቃዱም ወንበዴውም በአንድ ዓይነት መርከብና በአንድ ዓይነት መድፍ ይሠራሉ፤ ብዙ ጊዜም መርከበኞቹ ያው ሰዎች ናቸው። የሚለያቸው ፈቃዱና የተማረከው መርከብ የማን መሆኑ ነው። ስለዚህ ለባለፈቃድ ካፒቴን ወረቀት ማለት ሕይወት ነው።

ኪድ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1689 በካሪቢያን ባህር ለእንግሊዝ ወግኖ ከፈረንሳዮች ጋር ተዋግቷል። በ1690 መጀመሪያ እሱ የብስ ላይ ሳለ የራሱ መርከበኞች መርከቡን ይዘውበት ጠፉ፤ 2,000 ፓውንድ ያህል ንብረቱም አብሮ ሄደ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረውን ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ እንደገና እናገኘዋለን። በ1691 ኪድ ኒውዮርክ ገባ፤ አዲሱ ገዥ ከተማዋን ከአማፂዎች ሲያስለቅቅ በመርከቡ ረዳ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤትም 150 ፓውንድ ሸለመው። በዚያው ዓመት አንዲት ባለጸጋ መበለት አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የዕቃ ማንሻ ገመድና መዘውር ለሠራተኞቹ አውሷል። ቤት፣ ትዳር፣ የጎረቤት ክብር ያለው ሰው ነበር ማለት ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባው ርቦት አልነበረም።

ውሉ

በ1695 ኪድ ንጉሣዊ የባህር ኃይል ውስጥ ሹመት ፍለጋ ለንደን ሄደ። እዚያ አንድ የሚያውቀው የኒውዮርክ ነጋዴ ከአንድ ባላባት ጋር አገናኘው። ባላባቱ የኒውዮርክና የማሳቹሴትስ ገዥ ሆኖ ሊሾም የተዘጋጀ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ «ገዥው» እለዋለሁ። ሐሳባቸው በቀይ ባህርና በሕንድ ውቅያኖስ የሚዘርፉትን ወንበዴዎች በግል ገንዘብ ማሳደድና የዘረፉትን መውሰድ ነበር።

ውሉ ጥቅምት 10 ቀን 1695 ተፈረመ። ከወጪው አራት አምስተኛውን እጅ የሚያወጡት ገዥውና ከጀርባው ያሉ ሰዎች ናቸው። እነዚህም የባህር ኃይሉ የበላይ፣ የንጉሡ የማኅተም ጠባቂ፣ የአገሩ ዋና ጸሐፊና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ስማቸው በውሉ ላይ አልሰፈረም። ቀሪውን አንድ አምስተኛ ኪድና ነጋዴው ያዋጣሉ። ኪድ ድርሻውን ለመሙላት የራሱን መርከብ ሸጠ። ንጉሡ ከሚገኘው አንድ አሥረኛ እንዲወስድ ተስማማ።

ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። መርከበኞቹ «ምርኮ ከሌለ ክፍያ የለም» በሚል ደንብ ይቀጠራሉ፤ ምርኮ ቢገኝም ድርሻቸው ከሩብ አይበልጥም። ምርኮው ሳይነካና ሳይከፈት ቦስተን ለገዥው ይቀርባል። እስከ መጋቢት 25 ቀን 1697 ምንም ካልተገኘ ኪድና ነጋዴው የባለገንዘቦቹን ገንዘብ ይመልሳሉ። ለዚህም ኪድ የ20,000፣ ነጋዴው የ10,000 ፓውንድ የዋስትና ግዴታ ገቡ። በተቃራኒው ኪድ 100,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ምርኮ ካመጣ መርከቡ የራሱ ይሆናል።

በእጁ ሁለት ፈቃድ ነበረው። አንዱ ፈረንሳይ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ አገሮች ይዋጉ ነበርና። ሌላው አራት ሰዎችን በስም ጠቅሶ ወንበዴዎችን ሁሉ እንዲይዝ ያዘዋል። የእንግሊዝ ወዳጆችን መርከብ እንዳይነካም በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ችግሩ

«አድቬንቸር ጋሊ» የተባለው መርከብ 287 ቶን ሲሆን 34 መድፎች ነበሩት። ነፋስ ሲጠፋ በመቅዘፊያ መሄድ ይችላል። ኪድ መርከበኞቹን ራሱ መርጦ ነበር። ሆኖም ገና ቴምዝ ወንዝ ላይ ሳለ የባህር ኃይሉ ብዙዎቹን በግዳጅ ወሰደበት። በምትካቸው የተሰጡት እሱ የመረጣቸው አልነበሩም። ሚያዝያ 1696 ከእንግሊዝ ሲወጣ 70 ያህል ሰው ብቻ ይዞ ነበር።

የቀሩትን ኒውዮርክ ላይ ለመቅጠር ሞከረ። በሩብ ድርሻ የሚመጣለት አጣ። ስለዚህ መስከረም 1696 ከመርከበኞቹ ጋር አዲስ ስምምነት ፈርሞ ከምርኮው ስልሳ በመቶ ያህል ለእነሱ እንዲሆን አደረገ። የለንደኑ ውል ሩብ ይላል፤ የኒውዮርኩ ከግማሽ በላይ ይላል። አንዱን ገንዘብ ለሁለት ወገን ቃል ገባበት። ይህን ጉዳይ ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር የሚያስቆመኝ ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪድ የትኛውንም ውል ቢጠብቅ ሌላውን ማፍረሱ አይቀርም ነበር።

ከ150 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ አብዛኞቹ ችግረኞችና ተስፋ የቆረጡ ናቸው። በሥልጣን ላይ የነበረው የኒውዮርክ ገዥ ያን ጊዜውኑ ወደ ለንደን ሲጽፍ፣ ኪድ ያሰበውን ካላገኘ ደመወዝ የሌለውን ይህን ያህል ሰው መግዛት አይችልም የሚል ፍርሃት እንዳለ አሳውቋል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነበር። ማንም አልሠራበትም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ጥር 1697 ማዳጋስካር ደረሰ፤ ወንበዴ አላገኘም። መጋቢት ላይ በኮሞሮስ ደሴቶች ለጥገና ቆመ። እዚያ በሽታ ገብቶ ወደ 50 ሰው ገደለበት። ልብ በሉ፤ ውሉ «ገንዘቡን መልስ» ያለው ቀን የዋለው በዚሁ ወር ነው። ኪድ አንድም ነገር አልማረከም፤ ከሰዎቹ ሲሶው ሞቷል፤ መርከቡ ውኃ ያስገባል፤ ዕዳው ደርሷል።

ከዚህ በኋላ ኪድ ወደ እኛ አካባቢ መጣ። በሐምሌ መጨረሻ በባብ ኤል መንደብ መግቢያ በምትገኘው በፔሪም ደሴት መርከቡን አቁሞ ጠበቀ። ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን ነው። ሦስት ሳምንት ያህል የጠበቀው ከየመኗ ወደብ ከሞካ ወደ ሕንድ የሚመለሱትን የነጋዴዎችና የሐጃጆች መርከቦች ነበር። እነዚህ መርከቦች ፈረንሳዊ አይደሉም፤ ወንበዴም አይደሉም። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ እንግሊዛዊ ወንበዴ «ጋንጅ ኢ ሳዋኢ» የተባለውን የሐጃጆች መርከብ ዘርፎ ሕንድን ይገዛ የነበረው የሞጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ በሱራት ወደብ የነበሩትን የእንግሊዝ ነጋዴዎች አሳስሮ ነበር። ኪድ ይህን ያውቃል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መርከቦቹ ብቅ ሲሉ ተጠጋቸው፤ ሦስት የአውሮፓ መርከቦች ያጅቧቸው ነበርና የእንግሊዙ አጃቢ በመድፍ አባረረው። ለኪድ የሚከራከሩ ብዙዎች ይህን ክፍል በዝምታ ያልፉታል። እኔ ማለፍ አልችልም። በእጁ ከነበሩት ፈቃዶች ይህን የሚፈቅድ አንድም መስመር አልነበረም።

በዚያው ወር ሕንድ ዳርቻ ላይ አንዲት ትንሽ መርከብ አስቆመ። የኪድ ሰዎች የዚያች መርከብ መርከበኞች ገንዘብ እንዲያወጡ ደበደቧቸው፤ እንግሊዛዊ አዛዧንም ይዘው ሄዱ። ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝ የንግድ መርከብ አጋጠማቸው፤ አብዛኞቹ እንማርከው አሉ። ኪድ እምቢ አለ። ከመርከቡ የወጣ ሰው ተመልሶ እንደማይገባ ነግሮ አስቆማቸው። ይህ ውሳኔ በሚዛኑ ላይ ለእሱ መቀመጥ አለበት።

ቁጣው ግን ውስጥ ለውስጥ ይበስል ነበር። ጥቅምት 30 ቀን 1697 የመድፍ ኃላፊው ስለዚያው መርከብ ሲከራከር ኪድ «ቅማላም ውሻ» ብሎ ሰደበው። ሰውየውም «ቅማላም ውሻ ከሆንኩ ያደረግኸኝ አንተ ነህ፤ እኔንም ሌሎች ብዙዎችንም ለጥፋት ዳርገኸናል» አለው። ኪድ በብረት የታሰረ የእንጨት ባልዲ አንስቶ ጭንቅላቱን መታው። በማግሥቱ ሞተ። ሟቹ የተናገረው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ አንዲት ሳንቲም የሠራ ሰው ነው።

ሁለቱ ምርኮዎች

ኅዳር ላይ ኪድ የፈረንሳይ ባንዲራ ሰቅሎ አንድ መርከብ ቀረበ። የዚያኛው አዛዥ ፈረንሳዊ መስሎት የፈረንሳይ የይለፍ ወረቀት አወጣ። በዚያ ዘመን ነጋዴዎች የልዩ ልዩ አገር ወረቀት ይዘው ለሚያገኙት መርከብ የሚስማማውን ያሳዩ ነበር። ወረቀቱ ፈረንሳዊ ስለሆነ መርከቡ የጠላት ነው ተብሎ ተያዘ።

ጥር 30 ቀን 1698 ትልቁ ተገኘ፦ «ኬዳ መርቸንት»። ሐር፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ብረትና ኦፒየም ጭኗል። የጫኑት ነጋዴዎች አርመኖች ናቸው፤ የጭነቱ ከፊል የአንድ የሞጋሉ ቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ንብረት ነበር፤ አዛዡ እንግሊዛዊ ነው። ያቀረበው ወረቀት ግን የፈረንሳይ ነበር። ኪድ በኋላ እንደተናገረው እንግሊዛዊ አዛዥ ሲያይ መርከቡን ለመመለስ ሐሳብ አቅርቦ መርከበኞቹ አልተቀበሉትም። ሁለቱን የይለፍ ወረቀቶች ግን በጥንቃቄ ያዛቸው።

ከጭነቱ ከፊሉን እዚያው ዳርቻ ላይ ሸጠ። ሳይከፈት ቦስተን ይቅረብ የሚለው አንቀጽ በዚህ ፈረሰ።

በሚያዝያ ማዳጋስካር አጠገብ ወዳለችው ሴንት ማሪ ደሴት ገባ። እዚያ ያገኘው ወንበዴ ማን ነበር? በ1690 መርከቡን ይዞበት የጠፋው ያ የቀድሞ መርከበኛ። ኪድ እሱን እንዲይዝ ፈቃድ አለው፤ ከኪድ ሰዎች ግን 90 የሚበልጡት ድርሻቸውን ተቀብለው ወደ ወንበዴው ዞሩ። የጉዞውን መዝገብም ወሰዱበት ሲል ኪድ በኋላ ቃሉን ሰጥቷል። «አድቬንቸር ጋሊ» በስብሶ እዚያው ቀረ። ኪድ በጥቂት ሰዎች በ«ኬዳ መርቸንት» ወደ አሜሪካ ተነሳ።

መመለሱ

ሚያዝያ 1699 ካሪቢያን ሲደርስ ወንበዴ ተብሎ መታወጁን ሰማ። በሕንድ የሚነግደው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በዝርፊያው የተቆጣውን የሞጋሉን ንጉሥ ማስታረቅ ነበረበት። ለንደን ውስጥ ደግሞ ተቃዋሚዎች ከጉዞው ጀርባ የነበሩትን ባለሥልጣኖች ለማጥቃት ጉዳዩን ያዙት። ለወንበዴዎች የወጣው የምሕረት አዋጅ ኪድን በስም ለይቶ አስቀርቶታል።

ኪድ ያኔ መጥፋት ይችል ነበር። አልጠፋም። ትልቁን መርከብ በካሪቢያን ባህር ባለችው በሂስፓኒዮላ ደሴት አጠገብ ትቶ፣ ትንሽ መርከብ ገዝቶ ወደ ኒውዮርክ አካባቢ መጣ። ጠበቃ አስቀድሞ ወደ ገዥው ወደ ቦስተን ላከ። በጠበቃው እጅም ሁለቱን የይለፍ ወረቀቶች ላከለት። ገዥው የሚያበረታታ ደብዳቤ መለሰ፤ የምትለው እውነት ከሆነ ያለ ስጋት ና አለው። ኪድ ከወርቁ ከፊሉን በጋርዲነርስ ደሴት ቀብሮ ቦስተን ገባ። ሐምሌ 6 ቀን 1699 ተያዘ። ገዥው የተቀበረውን አስወጣ፤ በጠቅላላ ከተሰበሰበው ውስጥ ከ1,100 አውንስ በላይ ወርቅና ከ2,300 አውንስ በላይ ብር ተመዘገበ።

የይለፍ ወረቀቶቹን ገዥው ወደ ለንደን ላካቸው። ኪድም በ1700 ተከተላቸው፤ ኒውጌት እስር ቤት ገባ። መጋቢት 1701 የእንግሊዝ ፓርላማ ፊት ቀረበ፤ ተቃዋሚዎቹ የሚፈልጉትን ያህል ባለገንዘቦቹን አልከሰሰም። አሁንም ያድኑኛል ብሎ ያስብ እንደነበር ይታየኛል። ገዥው በዚያው ወር መጀመሪያ ሞቶ ነበር።

ችሎቱ ግንቦት 8 እና 9 ዋለ። ለጠበቃ የተፈቀደለት 50 ፓውንድ እጁ የገባው በዋዜማው ነው፤ ጠበቆቹም መናገር የሚችሉት በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ነበር። ምስክሮችን የጠየቀው ራሱ ነው። መጀመሪያ የተከሰሰው በመድፍ ኃላፊው ግድያ ነው፤ ወረቀት በዚህ ክስ ላይ አይረዳም። በውንብድናው ክስ ግን መከላከያው የይለፍ ወረቀቶቹ ነበሩ። ይምጡልኝ አለ፤ አልመጡም። ዋና ምስክሮቹ ሴንት ማሪ ላይ ጥለውት የሄዱ ሁለት ሰዎች፣ የመርከቡ ሐኪምና አንድ መርከበኛ፣ በምሕረት ተስፋ መሰከሩበት። ሲፈረድበት «ፍርዱ በጣም ከባድ ነው፤ ከሁሉም እኔ ንጹሕ ነኝ፤ በሐሰት የማሉ ሰዎች ናቸው የመሰከሩብኝ» አለ። ግንቦት 23 ቀን ተሰቀለ። ገመዱ ተበጥሶ ሁለተኛ ጊዜ ሰቀሉት።

ወረቀቶቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በመንግሥት መዝገብ ቤት ተገኙ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

መርከቡ ባለመቅዘፊያ መሆኑ ሠርቷል፤ በደቡብ አትላንቲክ የባህር ኃይሉ ሰዎቹን እንዳይወስድበት ሌሊት ነፋስ በሌለበት ቀዝፎ አመለጠ። የእንግሊዙን መርከብ አናጠቃም ማለቱ ሠርቷል። ወረቀቶቹን ከአንድ ዓመት በላይ በወንበዴ ደሴት ውስጥ ሳይቀር ጠብቆ ማቆየቱም ትልቅ ነገር ነው። ያልሠራው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሥልጣን ባላቸው ሰዎች ቃል ላይ የጣለው እምነት ይመስለኛል። እነዚያ ሰዎች ስማቸውን በውሉ ላይ ያላስቀመጡት ይህ ቀን ሲመጣ እንዳይገኙ ነበር።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰድ ነገር

ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ በረሃብና በዕዳ መካከል ሆኖ የአለቃውን ሕግ እንዲያከብር መጠበቅ አይቻልም። በውጤት ብቻ የሚከፈል ሥራ የሚጀምር ሰው፣ ውጤት ሳይገኝ ስድስት ወር ቢያልፍ ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ አስቀድሞ ጽፎ ይስማማ።

አንድ ውል ፈርሞ መንገድ ላይ ከሌሎች ጋር የሚጋጭ ሌላ ውል መፈረም ያጋጥማል፤ ኮንትራክተርና ንዑስ ኮንትራክተር ባሉበት ሥራ ሁሉ አለ። ኪድ ኒውዮርክ ላይ ሰው እንዳጣ በዚያው ሳምንት ለንደን መጻፍና ድርሻው እስኪሻሻል መርከቡን ወደብ ማቆየት ነበረበት። ወራት ይወስድ ነበር፤ ግን ምርጫው ይኸው ነበር።

ስማቸውን የማያስቀምጡ ባለገንዘቦች ያሉበት ሥራ ሲመጣ ጥያቄው ስለ ገንዘቡ መጠን መሆን የለበትም። ነገሩ ቢበላሽ በአደባባይ «የእኔ ሰው ነው» የሚል ማን አለ? ኪድ ይህን አልጠየቀም።

የመጨረሻው ስለ ወረቀቱ ነው። በባህረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ የሄዱ ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ፓስፖርታቸውንና ውላቸውን ለቀጣሪ ወይም ለደላላ አሳልፈው ሰጥተው ችግር ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አይተናል። ዋናውን መስጠት ግድ ከሆነ አስቀድሞ በምስክር ፊት ይገልበጥ፤ አንዱ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ፣ አንዱ ጠበቃ ወይም የሚታመን ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ የተቀበለው ሰው ቀንና ስም ጽፎ ይፈርም። ጠበቃው ወደ ቦስተን የያዛቸው ሁለት ወረቀቶች በአንድ ሌሊት ሊገለበጡ የሚችሉ ነበሩ።